ሰማያዊዋ ሙሽራ፦ ዋይት ባላንስን በቶሎ ማስተካከል እንዴት እንደለመድኩ

ነጭ ቬሎ ለብሳ ነበር። ፎቶዬ ላይ ግን ሰማያዊ ሆናለች። ቬሎው ሰማያዊ፣ የሚዜዎቹ ሸሚዝ ሰማያዊ፣ ጥርስ ሳይቀር ሰማያዊ። ማታ ሜሞሪ ካርዱን ኮምፒውተሬ ላይ ሰክቼ ፎቶዎቹን ስከፍት ልቤ ቀጥ አለ። መጀመሪያ ስክሪኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። ሌላ ፎልደር ከፍቼ አየሁ። ስክሪኑ ደህና ነው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

የሆነው እንዲህ ነው። በዋዜማው ማታ ቢጫ አምፖል በበራበት ቤት ውስጥ ስሠራ፣ ዋይት ባላንሱን (ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያርምበትን ምርጫ) የአምፖል ምልክት ያለበት ላይ አድርጌው ነበር። ፎቶዎቹ ቆንጆ ሆነው ወጡ። ካሜራውን አጠፋሁ፣ ተኛሁ። ጠዋት ሙሽሮቹን ቀጥታ ፀሐይ ላይ ማንሳት ጀመርኩ። ካሜራው ምን ያድርግ? ማታ «ያለነው አምፖል ስር ነው» ብዬ ነግሬዋለሁ፤ ጠዋትም አመነኝ። ፀሐዩ ስክሪኑ ላይ ስለሚያንጸባርቅ እኔም ያነሳሁትን በደንብ አላየሁም። 180 ያህል ፎቶ። ሁሉም ጄፔግ።

በኤዲቲንግ ለማዳን ሞከርኩ። ሰማያዊውን ስቀንስ ፊታቸው አመድ የተነፋበት መሰለ። ጄፔግ እንዲህ ነው። ካሜራው ቀለሙን ራሱ ወስኖ፣ የማያስፈልግ የመሰለውን ጥሎ ነው የሚያስቀምጠው። የተጣለው ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። የማታ ማታ ብዙዎቹን ጥቁርና ነጭ አደረግኳቸው። «እንዲህ ይበልጥ ያምራል ብዬ ነው» አልኳት። ወደደችው። ዋሽቻለሁ፤ አልሸሽግም።

ዋይት ባላንስን የምር የያዝኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ይህን የምጽፈው ካሜራ ይዞ ከአውቶ ወጥቶ ለማያውቅ፣ ወይም እንደ እኔ ወጥቶ መመለሱን ለረሳ ሰው ነው። በተለይ የማወራው ስለ ፍጥነቱ ነው። ዋይት ባላንስ ማስተካከል በራሱ ከባድ አይደለም። ጊዜ ካለ ማንም ያስተካክለዋል። ከባዱ ሰው እያየ፣ ሙሽራዋ እየተራመደች፣ ብርሃኑ እየተለዋወጠ ማስተካከል ነው።

ከመሠረቱ ልጀምር፤ አጭር ነው። ነጭ ወረቀት ፀሐይ ላይ ስናየው ነጭ ነው። ማታ ቢጫ አምፖል ስር ስናየውም ነጭ ነው። እውነቱን ለመናገር ከወረቀቱ ተንጸባርቆ ዐይናችን ውስጥ የሚገባው ብርሃን ብርቱካናማ ነው። አእምሯችን ግን ብርሃኑን ለምዶ በራሱ ያርመዋል። ካሜራው እንዲህ ያለ ልማድ የለውም። የመጣለትን ነው የሚመዘግበው። ዋይት ባላንስ ማለት ለካሜራው «አሁን ያለነው በዚህ ብርሃን ውስጥ ነው፤ ነጭ የምንለው ይህን ነው» ብሎ መንገር ነው።

የብርሃኑ ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። ስሙ የመጣው ሎርድ ኬልቪን ከሚባለው የፊዚክስ ሊቅ፣ ከዊሊያም ቶምሰን ነው። ነገሩን ለመያዝ ብረት እሳት ውስጥ ሲግል አስቡት። መጀመሪያ ይቀላል። ከዚያ ብርቱካናማ ይሆናል፣ ከዚያ ቢጫ፣ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ነጭ ይጠጋል። ከዚያም በላይ መጋል ቢችል ወደ ሰማያዊ ያደላ ነበር። ስለዚህ ትንሽ ቁጥር ማለት ቀላና ቢጫ ያለ ብርሃን ነው። ትልቅ ቁጥር ማለት ሰማያዊ ያለ ብርሃን ነው። የሻማ ብርሃን 1900 ኬልቪን አካባቢ ነው። የድሮው ባለ ክር አምፖል ከ2700 እስከ 3000 ይደርሳል። የቀትር ፀሐይ 5200 ወይም 5500 ነው። ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ከ6000 እስከ 6500 ይሆናል። ጥላ ደግሞ ከ7000 እስከ 8000 ይወጣል። ጥላ ውስጥ ያለን ሰው የሚያበራው ፀሐዩ ሳይሆን ሰማያዊው ሰማይ ነውና።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይደናገራል። እኔም ወራት ፈጅቶብኛል። ካሜራው ላይ ቁጥሩን ስትጨምሩ ፎቶው ሰማያዊ መሆን ነበረበት አይደል? የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው፤ ፎቶው ቢጫ ይሆናል። ምክንያቱም እናንተ የምትመርጡት የፎቶውን ቀለም አይደለም። ለካሜራው ብርሃኑ ምን እንደሚመስል ነው የምትነግሩት። 8000 ስትሉት «ብርሃኑ በጣም ሰማያዊ ነው» ማለታችሁ ነው። እሱም ሰማያዊውን ለማካካስ ቢጫ ይጨምራል። 3000 ስትሉት «ብርሃኑ ብርቱካናማ ነው» ማለት ነው፤ ሰማያዊ ይጨምራል። የእኔዋ ሙሽራ የተጎዳችው በዚህ ነው። አሁን በአእምሮዬ የያዝኩት አንድ አጭር ነገር ብቻ ነው፦ ቁጥሩ ሲወጣ ፎቶው ይሞቃል፣ ሲወርድ ይበርዳል። ምክንያቱን በጥድፊያ ሰዓት ማሰብ አያስፈልግም።

አውቶውስ? ብዙ ባለሙያ ነኝ ባይ አውቶን ሲያጣጥል ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ አላጣጥለውም። ውጭ፣ በቀን፣ የተለያየ ቀለም ባለበት ቦታ አውቶ ጥሩ ይሠራል። እንደ እኔ ከመርሳት ደግሞ መቶ ጊዜ ይሻላል። ችግሩ ሌላ ነው። አውቶ እያንዳንዱን ፎቶ ለብቻው ይገምታል። ያው ሰው፣ ያው ወንበር፣ ያው መብራት ሆኖ፣ ትንሽ ዞር ብላችሁ ቀይ መጋረጃ ፍሬሙ ውስጥ ሲገባ ግምቱን ይለውጣል። አሥር ፎቶ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ አሥሩም የተለያየ የፊት ቀለም ይኖራቸዋል። አንድ በአንድ ካያችኋቸው ምንም አይሉም። አልበም ሲሆኑ ነው የሚያሳፍሩት።

ፍሬሙን አንድ ቀለም ሲሞላውም አውቶ ይሳሳታል። አረንጓዴ ሣር ላይ የተኛ ልጅ ስታነሱ ሣሩን «የብርሃኑ ቀለም ነው» ብሎ ሊያርመው ይሞክራል፤ ልጁ ሐምራዊ ቢጤ ይሆናል። የፀሐይ መጥለቂያም እንዲሁ። ዐይናችሁ ወርቅ ያያል፣ አውቶ ወርቁን እንደ ስህተት ቆጥሮ ያጥበዋል። ለፀሐይ መጥለቂያ የፀሐይ ምልክት ያለበት ላይ አድርጉትና ተዉት። ይበልጥ እንዲሞቅ ከፈለጋችሁ ደመናው ላይ አድርጉት።

አሁን ወደ ፍጥነቱ። መጀመሪያ የተማርኩት ሜኑ ውስጥ መግባት ማቆም ነው። ሜኑ ውስጥ ገብቶ ገጽ እያገላበጡ ዋይት ባላንስ መፈለግ የ10 ሰከንድ ሥራ ነው። 10 ሰከንድ ውስጥ ሙሽራዋ አልፋለች። ካሜራችሁን አሁኑኑ አንሱና እዩት። አንዳንዶቹ ላይ «ደብሊው ቢ» የሚል ቁልፍ ከላይ ወይም ከጀርባ አለ። ከሌለ፣ ፈጣን ሜኑ የሚያወጣ ቁልፍ ይኖራል፤ ካነን ላይ «ኪው» የሚለው ነው። እሱም ካልተመቻችሁ ከማትጠቀሙባቸው ቁልፎች አንዱን ለዋይት ባላንስ ስጡት። ብዙ ካሜራ የቁልፎችን ሥራ ለመቀየር ይፈቅዳል። የኔ ካሜራ ላይ ከሌንሱ አጠገብ ጨርሶ የማልነካው ቁልፍ ነበር። ለዋይት ባላንስ ሰጠሁት። ቁልፉን በቀለበት ጣቴ ተጭኜ ማዞሪያውን በአውራ ጣቴ አዞራለሁ። ዐይኔ ከቪውፋይንደሩ፣ ከማያዋ ቀዳዳ፣ አይነሳም።

እጅ እስኪለምድ ግን ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ቴሌቪዥን እያየሁ ሶፋ ላይ ነው የተለማመድኩት። ካሜራውን ሳላይ ከፀሐይ ወደ ደመና፣ ከደመና ወደ አምፖል፣ ከዚያ መልሼ ወደ ፀሐይ። ስንት ቀጭታ ወደ ቀኝ፣ ስንት ወደ ግራ። ሞኝ ያስመስላል፤ ግን ጠቅሞኛል።

ቀጥሎ ቁጥሮች። ስለ ኬልቪን ብዙ ማወቅ አይጠበቅባችሁም። እኔ በቃሌ የያዝኩት አራት ቁጥር ነው። ለቢጫ አምፖል 3000፣ ለቢሮ ዓይነት ነጭ መብራት 4000፣ ለፀሐይ 5300፣ ለጥላ 7000። በ«ኬ» ፊደል የሚታወቀውን የዋይት ባላንስ ምርጫ ከፍቼ ከአራቱ በቅርቡ እጀምራለሁ። አንድ ፎቶ አነሳለሁ፣ አያለሁ፣ ትንሽ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አደርጋለሁ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ፎቶ ልክ ይመጣል።

«ትንሽ» ስል ግን አንድ ነገር እወቁ። 500 ኬልቪን ሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ታች በኩል፣ 3000 አካባቢ፣ 500 ስትጨምሩ ቀለሙ በጣም ይዘላል። ላይ በኩል፣ 7000 አካባቢ፣ 500 ስትጨምሩ ለውጡን ላታዩት ትችላላችሁ። ልዩነቱን በቁጥር ማየት የሚፈልግ፣ አንድ ሚሊዮንን ለኬልቪኑ ያካፍል። ከ2800 ወደ 3300 ሲሄድ ውጤቱ ከ357 ወደ 303 ይወርዳል፤ ልዩነቱ 54 ነው። ከ6500 ወደ 7000 ሲሄድ ግን ከ154 ወደ 143 ነው፤ 11 ብቻ። አምስት እጥፍ ልዩነት ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ በ100 በ100 እነካካለሁ፣ ጥላ ውስጥ በ500 እዘላለሁ።

ይህን ሁሉ ለምጄ ተማምኜ ሄድኩ። ሌላ ሠርግ ነው። ሙሽሮቹ ከውጭ ወደ አዳራሽ ይገባሉ። በሩ ጋ ቆሜያለሁ። ውጭ 5300 ነበርኩ። ውስጡ 3200 አካባቢ እንደሆነ ቀደም ብዬ ገብቼ አይቻለሁ። ሲገቡ ማዞሪያውን ማዞር ጀመርኩ። ቀጭ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። የኔ ካሜራ አንድ ቀጭታ 100 ኬልቪን ነው። 21 ቀጭታ! 4100 ላይ ስደርስ ሰው አጨበጨበ፤ የመጀመሪያውን ሳቃቸውን አመለጥኩት። ፈጣኑ መንገድ ብዬ የያዝኩት ነገር ቁጥራቸው ለተቀራረበ ብርሃኖች እንጂ ለዘለለ ለውጥ እንደማይሆን የገባኝ ያኔ ነው።

መፍትሔው እዚያው ካሜራው አናት ላይ ነበር። «ኤም»፣ «ኤቪ»፣ «አውቶ» የሚሉት ያሉበት ትልቁ ማዞሪያ ላይ «ሲ1»፣ «ሲ2» የሚል ካያችሁ፣ ወይም ኒኮን ከሆነ «ዩ1»፣ «ዩ2»፣ እሱን ነው የምላችሁ። ለዓመታት ለምን እንደተቀመጠ ሳላውቅ የኖርኩት ነገር ነው። የራሳችሁን ሴቲንግ እዚያ ታስቀምጣላችሁ፤ ዋይት ባላንሱም አብሮ ይቀመጣል። እኔ «ሲ1» ላይ የውጭ ብርሃን ሴቲንጌን ከ5300 ጋር አስቀመጥኩ። «ሲ2» ላይ የቤት ውስጡን፤ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከፍ ያለ፣ የሹተሩ ፍጥነት የቀነሰ፣ ዋይት ባላንሱ 3200። አዳራሽ ከደረስኩ ቀድሜ ገብቼ መብራቱን እለካና የ«ሲ2»ን ቁጥር አስተካክዬ እንደገና አስቀምጠዋለሁ። ሙሽሮቹ በሩን ሲያልፉ አንዴ ቀጭ። በቃ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብዙ ጊዜ «ሲ1» ላይ ሆናችሁ የምትቀይሩት ነገር ካሜራው ሲጠፋ ይረሳል፤ መጀመሪያ ወዳስቀመጣችሁት ይመለሳል። ካነን ላይ ለውጡን በራሱ እንዲያስቀምጥ የሚያደርግ ምርጫ ሜኑው ውስጥ አለ። እኔ ዘግቼዋለሁ። እንዲረሳ ነው የምፈልገው። ያቺ ሰማያዊ ሙሽራ የመጣችው ካሜራዬ ባለመርሳቱ ነው።

ላይቭ ቪው (ፎቶው ከመነሳቱ በፊት ስክሪኑ ላይ የሚታይበት) ያለው ወይም ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ የያዘ ሰው ዕድለኛ ነው። «ኬ» ላይ ሆናችሁ ማዞሪያውን ስታዞሩ ቀለሙ ስክሪኑ ላይ እያያችሁት ይቀየራል። ነጭ ሸሚዝ ወይም የሰው ፊት ላይ አነጣጥራችሁ ትክክል እስኪመስል ማዞር ነው። ምንም ስሌት የለውም። ለጀማሪ ከሁሉ የምመክረው ይህን ነው።

ግን ዐይናችሁን ብዙም አትመኑት። ቅድም ያልኩትን አስታውሱ፤ አእምሯችን ብርሃኑን ይለምዳል። ቢጫ አዳራሽ ውስጥ ሁለት ሰዓት ከቆያችሁ በኋላ ቢጫው አይታያችሁም። ያኔ ስክሪኑ ላይ ያለው ትክክለኛ ነጭ ራሱ ሰማያዊ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ሳታውቁት ፎቶውን ቢጫ ታደርጉታላችሁ። እኔ ስገባ፣ ዐይኔ ሳይለምድ፣ ቁጥሩን እወስናለሁ። ከዚያ በኋላ መብራቱ ካልተቀየረ ፍንክች አልልም። በመሀል «ትንሽ ሰማያዊ አልሆነም?» የሚል ሐሳብ ቢመጣብኝም አልነካውም።

ከሁሉም ትክክለኛው መንገድ ከስተም ዋይት ባላንስ ነው። ግራጫ ካርድ ታነሳላችሁ፣ ካሜራው ከእሱ ላይ ብርሃኑን ያነባል። ካነን ላይ መጀመሪያ ካርዱን ፍሬሙን በሚሞላ መልኩ ታነሳላችሁ። ሜኑ ውስጥ ከስተም ዋይት ባላንስ የሚለውን ከፍታችሁ ያንን ፎቶ ትመርጣላችሁ። ከዚያ ዋይት ባላንሱን ራሱን ወደ ከስተም ምልክት ትቀይራላችሁ። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን የመጨረሻውን ነው። ቁልፍ ያለው ኒኮን ላይ ደግሞ «ፕሪ» የሚለውን መርጣችሁ ቁልፉን ጽሑፉ ብልጭ ድርግም እስኪል ትይዙታላችሁ። ካርዱ ላይ አነጣጥራችሁ ሹተሩን ስትጫኑ ከተሳካ ይነግራችኋል፤ በጣም ከጨለመ ወይም በጣም ከበራ አልተሳካም ይላችኋል። ሶኒ ላይ ከስተም ውስጥ ገብታችሁ ስክሪኑ መሀል ያለውን ምልክት ካርዱ ላይ አድርጋችሁ መጫን ነው። አንዴ ከለመዳችሁት ከ10 ሰከንድ አያልፍም። ብርሃኑ ሳይቀያየር አንድ ቦታ ረጅም ሰዓት ለምትሠሩ ይህን የሚያህል የለም።

ካርድ በሌለኝ ጊዜ ነጭ የፕሪንተር ወረቀት ተጠቀምኩ። ፎቶዎቼ በትንሹ ቢጫ ሆኑ፤ ምክንያቱ አልገባኝም ነበር። ለካ አብዛኛው ወረቀት ይበልጥ ነጭ እንዲመስል የሚያደርግ ንጥረ ነገር ይጨመርበታል። ይህ ንጥረ ነገር የማይታየውን አልትራቫዮሌት ጨረር ተቀብሎ ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። ካሜራው ወረቀቱን አይቶ «ብርሃኑ ሰማያዊ ነው» አለ፤ ስለዚህ ቢጫ ጨመረ። ለዚህ የታሰበ ግራጫ ካርድ ይህ ጣጣ የለበትም። ከሌላችሁ ወረቀቱም ከምንም ይሻላል፤ ብቻ ከመጠን በላይ አብርታችሁ አታንሱት። ነጩ ከተቃጠለ ካሜራው የሚያነበው ቀለም አይኖርም።

ሌላም ሞኝነት ሠርቻለሁ። ካርዱን እኔ በቆምኩበት ጥላ ውስጥ ይዤ ለካሁ። ሰውዬው የቆመው ፀሐይ ላይ ነበር። ፊቱ ብርቱካን መሰለ። ካርዱ መያዝ ያለበት የሚነሳው ሰው ፊት አጠገብ ነው፣ ወደ ካሜራው ዞሮ። «እባክህ ይህን አንዴ አገጭህ ስር ያዝልኝ» ማለት ነው። ማንም ቅር አይለውም። እንዲያውም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ያስመስላል።

እስካሁን ያወራሁት ብርሃኑ አንድ ዓይነት ሲሆን ነው። እውነተኛው ራስ ምታት ሁለት ዓይነት ብርሃን ሲቀላቀል ነው። በመስኮት የቀን ብርሃን ይገባል፣ ጣሪያው ላይ ቢጫ አምፖል ይበራል። የሰውየው ግማሽ ፊት ሰማያዊ፣ ግማሹ ብርቱካናማ። እዚህ ላይ የትኛውም ቁጥር አያድናችሁም፤ ዋይት ባላንስ ለጠቅላላው ፎቶ አንድ ነው። ብዙ ከታገልኩ በኋላ የደረስኩበት መፍትሔ በጣም ቀላል ነው፤ መብራቱን አጥፉት። ሰዉ ማብሪያ ማጥፊያውን ረስቶ ካሜራው ሜኑ ውስጥ ሲዳክር አያለሁ። ማጥፋት ካልተቻለ ሰውየውን ወደ መስኮቱ አስጠጉትና ቁጥሩን ለመስኮቱ ስጡት። ከኋላ ያለው ይሙቅ፤ እንዲያውም ያምራል። ፊት ትክክል ከሆነ ሰው ሌላውን ይቅር ይላል።

ፍላሽም ያው ነው። የፍላሽ ብርሃን 5500 አካባቢ ነው፤ እንደ ቀትር ፀሐይ። ቢጫ አዳራሽ ውስጥ ፍላሽ ስትተኩሱ ፊት ነጭ ይሆንና ከኋላ ያለው ሁሉ ብርቱካን ይሆናል። መፍትሔው ፍላሹ አፍ ላይ ብርቱካናማ ጄል መለጠፍ ነው። «ሲቲኦ» የሚሉት ነው፤ ስስ ፕላስቲክ ነው። ፍላሹን ወደ አምፖሉ ቀለም ያወርደዋል። ከዚያ ካሜራውን 3200 አካባቢ ታደርጋላችሁ፤ ፊትና ጀርባ አንድ ይሆናሉ። እኔ ጄሉን ቦርሳዬ ውስጥ ሳይሆን ፍላሹ ላይ በላስቲክ አስሬ ነው የምይዘው። ቦርሳ ውስጥ ያለ ነገር በሠርግ ቀን አይገኝም።

ስለ ነጭ መብራቶች ደግሞ ትንሽ። ፍሎረሰንትና ርካሽ ኤልኢዲ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ አላቸው። ኬልቪን የሚያስተካክለው ሰማያዊና ቢጫን ብቻ ነው፤ አረንጓዴውን አይነካውም። ለዚህ ካሜራው ውስጥ ዋይት ባላንስ ሺፍት የሚባል ባለ አራት ማዕዘን ሰሌዳ አለ። ወደ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ ቀይ) ሁለት ሦስት ነጥብ መግፋት ይበቃል። ስትጨርሱ መመለሱን አትርሱ፤ ይህ ደግሞ ምልክቱ ትንሽ ስለሆነ ከአምፖሉ ይልቅ ይረሳል።

አንዳንዴ ደግሞ ምንም ሳትነኩ፣ በተከታታይ ያነሳችኋቸው ፎቶዎች አንዱ ቢጫ አንዱ ጤነኛ ሆነው ይወጣሉ። ካሜራችሁ አላበደም። መብራቱ ነው ብልጭ ድርግም የሚለው፤ ዐይናችን አያየውም እንጂ። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት ቦታ እንዲህ ያለ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይፈካል፣ ይደበዝዛል። ሹተራችሁ ፈጣን ከሆነ የአንዱን ቁራጭ ብቻ ትይዛላችሁ። ወደ 1/100 ወይም 1/50 ሰከንድ ስታወርዱት ይስተካከላል። ይህን ሳላውቅ ስንት ቀን ዋይት ባላንሱን ስወቅስ ኖርኩ።

«ሮው አንሳና ተገላገል» የሚለኝ ሰው አይጠፋም፤ ሮው ማለት ካሜራው እንደ ጄፔግ ሳይጥል ያየውን የሚያስቀምጥበት ፋይል ነው። ልክ ነው። አሁን ሁሌም ሮው ነው የማነሳው። ሮው ላይ ዋይት ባላንስ እንደ ማስታወሻ ነው የሚቀመጠው፤ ኮምፒውተር ላይ ምንም ሳይጎዳ ይቀየራል። ያቺ ሙሽራ በሮው ተነስታ ቢሆን ኖሮ በሁለት ደቂቃ ነጭ አደርጋት ነበር። እኔ ግን አሁንም ካሜራው ላይ አስተካክላለሁ። አንደኛ፣ ካሜራው የሚያሳየኝ ሂስቶግራም (ፎቶው ምን ያህል እንደጨለመና እንደበራ የሚያሳይ ሥዕል) የሚሠራው ከዚያው ከቀለሙ ላይ ነው። ዋይት ባላንሱ ከተዛባ ቀዩ ተቃጥሏል ወይስ አልተቃጠለም የሚለውም ይዛባል። ሁለተኛ፣ አንድ ቁጥር ላይ የተነሱ 300 ፎቶዎች ኮምፒውተር ላይ አንዱን አስተካክሎ ለሌሎቹ መገልበጥ ነው። በአውቶ የተነሱ 300 ፎቶዎች ግን 300 ሥራ ናቸው። በየመብራቱ አንድ ጊዜ ግራጫ ካርዱን ካነሳችሁ ደግሞ የቀለም መምረጫዋን ካርዱ ላይ ጠቅ ማድረግ ብቻ ነው የቀረው።

ቪዲዮ የምትሠሩ ይህን ምቾት አትጠብቁ። ብዙዎቹ ካሜራዎች ቪዲዮውን እንደ ጄፔግ ቀለሙን ወስነው ነው የሚያስቀምጡት። አውቶ ላይ ከተዋችሁት ደግሞ ሰውየው እያወራ፣ በመሀል ፊቱ ቀስ ብሎ ከቢጫ ወደ ነጭ ሲሄድ ታያላችሁ። ያንን ማረም ከባድ ነው። ለቪዲዮ ቁጥር ምረጡና ቆልፉት። ሁለት ካሜራ ካላችሁ ደግሞ ሁለቱም ላይ ያው ቁጥር ስለጻፋችሁ ያው ቀለም ይመጣል ብላችሁ አትተኙ። የአንዱ 4000 ከሌላው 4000 ይለያል። ሁለቱንም በአንድ ካርድ፣ በአንድ ብርሃን ለኩ።

በቅርቡ ከአንድ የማታ ሥራ በኋላ ካሜራዬን «ኤም» ላይ፣ 3000 ላይ ትቼው ተኛሁ። ጠዋት ልጇን ይዛ ውጭ የቆመች አንዲት ሴት ማንሳት ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት። ስክሪኑን በእጄ ከልዬ አየሁ። ልጁ ሰማያዊ ነው። እናትየው «ምነው? አላማረም እንዴ?» አለች። «አንዴ ቆይ» ብዬ ማዞሪያውን «ሲ1» ላይ አደረግኩት። እነዚያን ሁለት ፎቶዎች አላጠፋኋቸውም፤ ኮምፒውተሬ ላይ ከሙሽራዋ አጠገብ አስቀምጫቸዋለሁ።